ለእናት የተሰጠ የቤት ሥራ

ልጅ በሁለት ዓመቱ አፉን ካልፈታ በዙሪያው ያለ ሰው ሁሉ ማብራሪያ አያጣም። ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ አባቱም እንዲሁ ነበር፤ ብቻውን ስላደገ ነው፤ ስልክ ስለለመደ ነው፤ ዓይን በልቶት ነው። ሐኪሙ ራሱ «እስቲ ሦስት ዓመት ይሙላው» ብሎ የሚሸኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሦስት ዓመት ሲሞላው ሩጫው ይጀመራል፦ የጆሮ ምርመራ፣ የጭንቅላት ፎቶ፣ ጠበል፣ ስፒች ቴራፒ የሚሠራ ሰው ስልክ ቁጥር ፍለጋ። በዚህ ሁሉ መሀል ቤተሰቡ በየበሩ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው። መቼ ነው የሚያወራው?

አንዳንዱ ልጅ የሚዘገየው ኦቲዝም ስላለበት ነው፤ በኦቲዝም ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ግን ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ጥያቄውን ወደ ሌላ ቦታ ወስደውታል። ልጁ ከመናገሩ በፊት ከሰው ጋር የሚገናኝበት መንገድ አለው ወይ? ያን መንገድ የሚያሰፋለትስ ማን ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚያየው ባለሙያ ወይስ ቀኑን ሙሉ አብሮት የሚውል ሰው? መልሱ ቀስ በቀስ ወደ ቤት፣ ወደ ወላጅ እጅ አዘንብሏል። ይህ አካሄድ በዓለም ጤና ድርጅት በኩል ኢትዮጵያም ደርሷል። አቅጣጫው ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ደግሞ መንግሥትና ትምህርት ቤት ሊሸከሙት የሚገባውን ሸክም በእናት ጀርባ ላይ ለማሳደር እንዲህ የሚመች ሐሳብ የለም፤ ሁለቱን አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ሊዮ ካነር የተባለው የባልቲሞር የሕፃናት አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ኦቲዝምን ባስተዋወቀበት ጽሑፉ የዘረዘረው የ11 ልጆችን ታሪክ ነበር። ስምንቱ አፋቸውን ፈትተዋል፤ ሦስቱ አልተናገሩም። በጽሑፉ ውስጥ የሚያስገርመው የሦስቱ ዝምታ ሳይሆን የስምንቱ ንግግር ነው። ቃላት ያውቃሉ፣ የሰሙትን በቃላቸው ይይዛሉ፤ ያን ቋንቋ ግን ለዓመታት ለሌላ ሰው መልእክት ለማድረስ አልተጠቀሙበትም። «እኔ» እና «አንተ» የሚባሉትንም እንደሰሟቸው ይደግሟቸዋል። ችግሩ አፍ ላይ ብቻ እንዳልነበረ ከመጀመሪያውም ተጽፎ ነበር ማለት ነው።

ይህን በአማርኛ ተናጋሪ ቤት ውስጥ ማየት ቀላል ነው። ውሃ የጠማው የአራት ዓመት ልጅ እናቱ ዘንድ ሄዶ «ውሃ ልስጥህ?» ይላል። አንዱ ይስቃል፤ ሌላው «ስጪኝ በል እንጂ» ብሎ ያርመዋል፤ ልጁም ቃል በቃል «ስጪኝ በል እንጂ» ብሎ ይመልሳል። ልጁ ግን በራሱ መንገድ ልክ ነው። ውሃ በመጣ ቁጥር አብሮ የሚመጣው ድምፅ «ውሃ ልስጥህ?» የሚለው ነውና፣ ውሃ ሲፈልግ ያን ድምፅ ያወጣል። መደጋገሙ ትርጉም የለሽ ልማድ ሳይሆን ገና ያልተስተካከለ ጥያቄ ነው። ስለዚህ እናቲቱ የምትመከረው መጠየቁን ትታ ልጁ ሊለው የሚገባውን ራሷ እንድትል ነው። ብርጭቆውን ይዛ፣ በልጁ ቦታ ሆና «ውሃ ስጪኝ» ትላለች፤ ወዲያው ትሰጠዋለች። ለእናት አፍ እንግዳ ነገር ነው፤ ለራሷ «ስጪኝ» ስትል የሚሰማት ጎረቤት ቢገረምም አይፈረድበትም። አማርኛ ደግሞ ሰጪውን፣ ተቀባዩንና ጾታውን በአንድ ግስ ውስጥ ያጭቃልና ልጁ ነገ ለአባቱም «ስጪኝ» ማለቱ አይቀርም። ይበል። መጀመሪያ ይህ ድምፅ ሰው ዘንድ ደርሶ ውሃ ይዞ እንደሚመለስ ይወቅ፤ ማረሙ ይደርሳል። ምንም ቃል ለሌለው ልጅ ደግሞ አረፍተ ነገሩ ሁሉ ይቅርና «ውሃ» ብቻ ይበቃል። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ማሠልጠኛ እንዲህ ያለውን ነገር አያነሳም፤ እንግሊዝኛ ግሱ ላይ ወንድና ሴት አይለይም።

ወላጅን ማሠልጠን ያመጣው ለውጥ ከተለካባቸው ጥናቶች የታወቀው ፓክት ይባላል። በለንደን፣ በማንቸስተርና በኒውካስል ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ የነበሩ 152 ልጆች የተካተቱበት ነው። ባለሙያው ልጁን አያስተምርም። እናትና ልጅ ሲጫወቱ በቪዲዮ ይቀርጻል፤ ከዚያ ከእናቲቱ ጋር ቁጭ ብለው ያዩታል። «እዚህ ጋ ዓይኑን ወደ አንቺ ሲመልስ አየሽ? አንቺ ግን መኪናውን ልታሳዪው ዞረሽ ነበር።» እናቲቱ የራሷን ልጅ እንደ አዲስ ታነባለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመው የመጀመሪያው ውጤት ግን ቀዝቃዛ ነበር። ወላጆቹ ለልጃቸው የሚሰጡት ምላሽ በግልጽ ተሻሽሏል፤ የልጆቹ የኦቲዝም ምልክት ላይ የታየው ለውጥ ግን ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ያኔ የተዘጋ መዝገብ የመሰላቸው ነበሩ። ስድስት ዓመት ገደማ ቆይተው 121ዱን ልጆች ተከታትለው ሲያዩ ምልክቱ የከበደባቸው ልጆች ወላጆቻቸው ከሠለጠኑት መካከል 46 በመቶ፣ ከሌሎቹ 63 በመቶ ሆነው ተገኙ። ሥልጠናው ከቆመ ከዓመታት በኋላ የተገኘ ልዩነት ነው። እንደኔ ግምት ምክንያቱ እናትና አባት ሥልጠናው ሲያልቅ አብረው ስላላለቁ ነው።

ይኸው ዘዴ በፓኪስታን ራዋልፒንዲና በሕንድ ጎዋ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል፤ የሠሩት ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ነበሩ፤ ልጆቹም 65 ብቻ። እዚያም ወላጅና ልጅ የሚናበቡበት መንገድ ተሻሻለ። ደስ የማይለውንም መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2022 ይኸው ቡድን ዘዴውን ወደ ትምህርት ቤትም አስፍቶ 249 ልጆች ላይ ሲሞክረው በኦቲዝም ምልክቶች ላይ የተለየ ውጤት አላገኘም። «የወላጅ ሥልጠና ኦቲዝምን ያድናል» ብሎ የሚሸጥ ካለ፣ በቴሌግራምም ይሁን በክሊኒክ፣ ከማስረጃው ውጭ ነው የሚናገረው። ይህ ሁሉ የሚያሻሽለው መግባባትን ነው፤ ልጁን ኦቲዝም የሌለበት ልጅ አያደርገውም፤ እንዲያደርገውም አልታሰበም።

የኢትዮጵያ ታሪክ የሚጀምረው ከጥናት ሳይሆን ከወላጆች ነው። ዘሚ የኑስ ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። በፊደላችን ላይ ተመሥርተው አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለውን የማስተማሪያ ዘዴ ቀረጹ፤ ሬድዮና ቴሌቪዥን ላይ እየወጡ ኦቲዝም የሚለውን ስም በየቤቱ አስገቡት። እ.ኤ.አ. በ2021 በኮቪድ እስካረፉ ድረስ የብዙ እናቶች ስልክ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነህምያ ኦቲዝም ማዕከልም እንዲሁ ከወላጅ ጥረት የተወለደ ነው። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው፤ ሁለቱም ሊቀበሉት ከሚችሉት በላይ ወረፋ አለባቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ100 ልጆች አንዱ ገደማ ኦቲዝም አለበት ብሎ ሲያስላ የኖረውን ለኢትዮጵያ የሕዝብ ብዛት ስንመነዝረው ማዕከል በመክፈት ብቻ የሚደረስበት ቁጥር አይደለም።

በሁለት የአዲስ አበባ የሕፃናት አእምሮ ሕክምና ክሊኒኮች የተገኙ 102 አሳዳጊዎች የተጠየቁበት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አለ። ኦቲዝምና ሌላ የዕድገት እክል ያለባቸው ልጆች ቤተሰቦች ናቸው። ስለ መንስኤው ሲጠየቁ 40.2 በመቶው መንፈስ ነው አሉ፤ 27.5 በመቶው የኃጢአት ውጤት ነው፤ 30.4 በመቶው ጭንቅላቱን ተመትቶ ነው፤ 25.5 በመቶው በወሊድ ጊዜ በደረሰ ችግር ነው። ድምሩ ከመቶ ማለፉን አንባቢ ልብ ይላል። አንድ ሰው ሁለቱንም፣ ሦስቱንም አብሮ ያምናል፤ ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት ክሊኒክ። 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ ተናግረዋል። እኔን ግን ያቆመኝ መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ነው፦ ምን ትፈልጋላችሁ ሲባሉ 74.5 በመቶው ትምህርት ቤት አሉ። የሐኪም ሕክምና 47.1 በመቶ፣ የልጁን ዕድገት የሚደግፍ ባለሙያ 27.5 በመቶ ነበር። ወደዚህ ቁጥር እመለሳለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት የተንከባካቢዎች የክህሎት ሥልጠና ብሎ ያዘጋጀው ፕሮግራም ከ2 እስከ 9 ዓመት ያሉ የዕድገት መዘግየት ወይም እክል ያለባቸው ልጆች ወላጆችን ይመለከታል። ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው። የሚያሠለጥኑት ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሰዎች እንዲሆኑ ታስቦ ነው የተሠራው። አዲስ አበባ ላይ ከአገሩ ጋር ተስማምቶ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል፤ ከዚያ በኋላ ስፓርክ የተባለ ሰፊ ጥናት በኢትዮጵያና በኬንያ ተከትሎታል። ቀደም ሲልም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ዕድገት እክል እንዲማሩ ተደርጎ፣ የተማሩት ካልተማሩት ይልቅ ለእነዚህ ልጆች ያላቸው አመለካከት የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል። ቤት ለቤት የሚሄዱ ሠራተኞች ያሉት አገር ይህን ለመሥራት ከብዙዎች የተሻለ መንገድ አለው።

ሥልጠናው በተግባር ምን ይመስላል? ጨዋታ የሚለው ነገር መጀመሪያ ላይ ብዙ እናቶችን ግራ ያጋባል፤ ልጅ ከልጅ ጋር ይጫወታል እንጂ ትልቅ ሰው መሬት ተቀምጦ ከልጅ ጋር አይጫወትም። ጊዜውስ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የፕሮግራሙ ጥሩ ጎን አዲስ ሰዓት ሳይጠይቅ ባለው ሥራ ውስጥ መግባቱ ነው። ገላ መታጠብን እንውሰድ። ልጁ ሳፋው ውስጥ ቆሟል፤ እናቱ በጆግ ውሃ ታፈስበታለች፤ ይወደዋል፣ ይስቃል። ሁለት ጊዜ አፍስሳ በሦስተኛው ጆጉን ከፍ አድርጋ ትይዛለች። አትናገርም። ፊቷ ግን እየጠበቀችው እንደሆነ ይናገራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሰከንድ። ረጅም ነው፤ ሞክሩትና እዩት፤ የሰው ልጅ እንዲህ ባለ ዝምታ ውስጥ መቆየት ይከብደዋል። ልጁ እጇን ሊጎትት፣ ጆጉን ሊያይ፣ ከዚያ እሷን ሊያይ፣ «እ» ሊል ይችላል። ያቺን ያህል ብቻ በቂ ናት። «ጨምሪ!» ትልለትና ታፈስበታለች። ነገ ይደገማል። ቀናት ሲያልፉ ያቺ «እ» ወደ «ጨ» ልትጠጋ ትችላለች፤ ላትጠጋም ትችላለች። በሁለቱም መንገድ ልጁ ከሰው ነገር መጠየቅ እንደሚቻል ተምሯል።

ተቃራኒው በየቤቱ የምናየው ነው። ሁሉን ነገር ሳይጠይቅ የሚያቀርብለት ቤተሰብ፣ በፍቅር ነው የሚያደርገው፣ የመጠየቂያውን አጋጣሚ ይወስድበታል። ሌላው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይፈትነዋል፦ «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ? ማነው ይሄ? ስምህ ማነው? ንገራት ለአክስትህ።» ፈተና ግንኙነት አይደለም። ለእንግዳ ማሳያ የሚሆን ቃል ቢወጣም ለልጁ የሚያመጣለት ነገር የለም።

ንግግር ካልመጣስ? እዚህ ላይ በአገራችን ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሰው ፍርሃት አለ፦ በሥዕል ወይም በምልክት ካስለመድነው መናገር ይሰንፋል የሚለው። ዳያን ሚላርና ጓደኞቿ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ግምገማ አስተማማኝ ቁጥጥር ባላቸው ጥናቶች ውስጥ ያገኟቸው 27 ሰዎች ነበሩ፤ በሥዕል፣ በምልክት ወይም በመሣሪያ መጠቀም ከጀመሩ በኋላ 89 በመቶው ንግግራቸው ጨመረ፤ የቀነሰበት አንድም ሰው አልነበረም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ አቅጣጫው ግን አያሻማም። እ.ኤ.አ. በ2014 በኮኒ ካሳሪ የተመራው ሙከራ ደግሞ ከ5 እስከ 8 ዓመት ያሉ፣ ቃላቸው ከ20 የማይበልጥ 61 ልጆችን ይዞ፣ ከመጀመሪያው ቀን ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ የተጨመረላቸው በንግግራቸውም የተሻሉ መሆናቸውን አሳይቷል። መሣሪያው ከወላጅና ከጨዋታ ጋር እንጂ ብቻውን እንዳልነበር ይታወስ። ቴሌቪዥን ፊት የተተወ ልጅ የያዘው ታብሌት ከዚህ ጋር አንድ አይደለም።

ለእኛ ሥዕሉ በገዛ ስልክ ሊነሳ ይችላል። ከውጭ የሚመጣ የካርድ ጥቅል ላይ ያለው ሳንድዊችና የመታጠቢያ ገንዳ ለልጁ ምኑም አይደለም። የራሱ ብርጭቆ፣ የቤቱ በር፣ እንጀራ፣ ሰፈሩ ውስጥ የሚያልፈው ባጃጅ፣ የአያቱ ፎቶ በወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፎ በፕላስተር ቢሸፈን ካርድ ነው። ካርዱን የሚያነሳለት ሌላ ሰው እንዳይሆን ብቻ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የልጁን እጅ ወይም ክንድ ይዞ «እሱ እኮ ነው የሚጽፈው» የሚባልበት ዘዴ በውጭ አገር በተደጋጋሚ ተፈትኖ የሚጽፈው ደጋፊው ራሱ መሆኑ ተረጋግጧል፤ ዛሬም በአዲስ ስም እየተመለሰ ይሸጣል።

አራት ዓመት ካለፈው ዘግይቷል የሚባለውም እንዲሁ ልክ አይደለም። በአራት ዓመታቸው ንግግራቸው በጣም የዘገየ 535 ልጆችን ያጠኑ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳተሙት 70 በመቶው በኋላ ቃላትን አጣምረው ተናግረዋል፤ 47 በመቶው ደግሞ አቀላጥፈው። ይህ ተስፋ ነው፤ የመጠበቂያ ምክንያት ግን አይደለም። ቀሪዎቹ 30 በመቶ ልጆች ሲጠበቁ ያለፈው ጊዜ ያለ አንዳች መግባቢያ ያለፈ ጊዜ ነው።

በዋሽንግተን፣ በስቶክሆልም ወይም በቴል አቪቭ ላሉ ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። «ልጁ ግራ እንዳይጋባ ቤት ውስጥ የአገሩን ቋንቋ ብቻ ተናገሩ» የሚል ምክር አሁንም ይሰጣል። ሁለት ቋንቋ የሚሰሙ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ከአንድ ቋንቋ ሰሚዎቹ ወደኋላ እንደማይቀሩ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከዚህም በላይ በተሰባበረ የባዕድ ቋንቋ ልጇን የምታጫውት እናት ማባበሉን፣ ቀልዱን፣ ዜማውን ታጣለች፤ አያትየው ደግሞ ከነጭራሹ ትወጣለች።

አሁን ወደ 74.5 በመቶው። ወላጆች ሥልጠና ስጡን አላሉም፤ ትምህርት ቤት ስጡን ነው ያሉት። ልጁን የሚይዝላት ቦታ ባለመኖሩ ሥራዋን የተወች፣ ዘመድ ቤት ለቅሶ መድረስ ያቃታት፣ የቤት ሠራተኛ የማይቆይላት እናት ዘጠኝ ስብሰባ ስትጠራ ልጁን ማን ላይ ጥላ ትሂድ? ትራንስፖርቱስ? ተምራ ስትመለስ ደግሞ ነገሩ ይሻሻል ይሆናል፤ ካልተሻሻለስ ጥፋቱ የማን ይሆናል? ከሥልጠናው በፊት በኃጢአቷ ትወቀስ የነበረች እናት ከሥልጠናው በኋላ «በደንብ አልሠራችበትም» ተብላ ብትወቀስ የተለወጠው የወቃሹ ቋንቋ ብቻ ነው። አባቶች ስብሰባው ላይ ካልተጠሩ ይህ አይቀርም፤ መጥሪያው ላይ «ወላጆች» ተብሎ መጻፉ አባትን አያመጣም፤ ቅዳሜ ከሰዓት መደረጉ ሊያመጣ ይችላል።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብላለች። ትምህርት ሚኒስቴር የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ማስተር ፕላን አውጥቶ ነበር፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2025 ነበር። ወረቀቱ ጥሩ ነው። በር ላይ ግን ርዕሰ መምህሩ «ለሌሎቹ ልጆች ያስቸግራል»፣ «እሱን የሚይዝ መምህር የለንም»፣ «ሲያወራ ይምጣ» ይላል። ሦስተኛው ሰበብ ነው ከሁሉ የሚከፋው፤ ልጁ ለመግባባት የሚማርበትን ቦታ ለማግኘት አስቀድሞ መናገር አለበት ማለት ነውና። አንድ መምህር ከ50 ተማሪ በላይ በሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ መምህሩን መውቀስም ተገቢ አይደለም፤ የሚያስፈልገው ረዳት ሰው ነው፤ ረዳት ደግሞ በጀት ነው።

የወላጅ ሥልጠናው ርካሽ ነው፤ ለዚህም ነው ለጋሾችና ሚኒስቴሮች የሚወዱት። ርካሽነቱ እውነት የሚሆነው ግን የእናቲቱን ጊዜ ዋጋ ዜሮ አድርገን ስናሰላ ነው። ከሥልጠናው ጎን ቢያንስ በየወረዳው አንድ የቀን መዋያ፣ በየክላስተር ትምህርት ቤቱ አንድ የሠለጠነ ረዳት ካልተጨመረ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ልጁን ለይታ፣ እናቱን አሠልጥና፣ ወደ የትም ልታስተላልፈው አትችልም። ሥልጠናው የሚመለከተው የልጆች ዕድሜ ደግሞ 9 ዓመት ላይ ይቆማል። በጆግ ውሃ መጠየቅ የተማረው ልጅ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ይረዝማል፤ ይገፈትራታልም፤ ገላውን ማን እንደሚያጥበው ደግሞ ቤተሰቡ ገና አልተነጋገረበትም።